የሉድቪክ ድርሻ

ሐምሌ ሲጋመስ ነው እንጆሪው የሚቀላ፣
አጥር ላይ ተጋድሞ፣ ተርብ ሳይቀድም፣ ወፍ ሳይበላ።
ከሉብሊን በስተደቡብ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
የዘኖቢያ ጓሮ ነው፣ ሳማና እሾህ ለምዶ።
በጠዋት ባልዲ ይዘን፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣
“የበሰለው ብቻ! ትል የያዘው ይለፍ!”
እያለች ትመራናለች ክንዷ ተጫጭሮ፤
ከሦስት አንዱ ፍሬ ግን በአፌ ነው ያለፈው፣ አሳብሮ።

አይታጠብም። “ውሃ የነካው ይሻግታል” ትላለች፤
ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታ፣ ትሉን ታባርራለች።
ከዚያ ትልቁ የመስታወት ማሰሮ፦
አንድ ድርብ እንጆሪ፣ አንድ ድርብ ስኳር፣
ደግሞ እንጆሪ፣ ደግሞ ስኳር፣
እስከ አንገቱ።
ኪሎ ለኪሎ፤ ከዚህ ንቅንቅ የለም።
አፉን በሻሽ አስራ መስኮት ላይ ታኖረዋለች፣ ፀሐይ እንዲገባበት።
በማግስቱ ስኳሩ የለም፤ ቀልጧል፣ ቀይ ሆኗል፤
ፍሬው ገርጥቶ፣ ደሙን ሰጥቶ፣ ወደ ላይ ተንሳፍፏል።

ያን ዓመት ግን ስኳር በካርድ ነበረ።
ወይዘሮ ዱድኮቫ ኩፖን በመቀስ ቆርጣ ስትመዝን
ሰልፉ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ
የሚዛኑን ቀስት ያያል፣ ዓይኑ አፍጦ።
አጎቴ ሉድቪክ ከመስከረም ጀምሮ
ሻዩን መራራውን ይጠጣል፣ ፊቱን አኮሳትሮ።
“ጥርሴን ያመኛል” አለ።
ቆይቶ ደግሞ፣ “ድሮም ስኳር አልወድም።”
ዘኖቢያ ቀና ብላ አየችው፤ መልስ አልሰጠችም።
የእሱን ድርሻ በጨርቅ ቋጠረች፣
ከዱቄቱ ጣሳ ጀርባ ሸሸገች።
እስከ ሐምሌ፣ አሥር ቋጠሮ።

ቋጠሮው በተፈታበት ሌሊት ውሃ ጠምቶኝ ብነሳ
ሉድቪክ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል፣ መብራቱን ሳያበራ፣
ጣቱን በምራቁ እያራሰ፣
የተንጠባጠበውን ቅንጣት ይለቅማል፣ እየላሰ።
አየኝ። አየሁት።
“ጉንዳን እንዳይመጣ ብዬ ነው” አለኝ።

በአራተኛው ቀን ይጠለላል፣ ድስት ላይ ይፈላል፤
አረፋው በማንኪያ ተገፎ ለእኛ ዳቦ ላይ ይደፋል።
ጠርሙሱ የቮድካ ነው፣ የቢራ፣ የሳል መድኃኒት፤
በትኩሱ ተሞልቶ፣ በአሮጌ የወታደር ካፖርት
እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሎ ያድራል ሌሊት።

ጥር ላይ፣ በረዶው መስኮቱን ሲደርስ፣
ሉድቪክ ከባቡር ጥገናው ሳል ይዞ ገባ፤
ደረቱ እንደ አሮጌ በር ይንሲጠሰጣል።
ዘኖቢያ አንዱን ጠርሙስ ከፈተች።
ሁለት ማንኪያ ሻዩ ውስጥ። አሰበች። ሦስተኛ ጨመረች።
ወጥ ቤቱ ሐምሌ ሐምሌ ሸተተ።
ቀመሰው። “በዛ፣ ጣፈጠኝ” አለ፣
በሁለት እጁ ይዞ እየጨለጠ፤
ታችኛውን በማንኪያ ፈገፈገ፣ ብርጭቆው እስኪጮህ።
እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ድስት ታጥባለች፣
የታጠበውን ድስት፣ እንደገና።

ካርዱ ቀረ። ስኳር በጆንያ ገባ።
እሱ ግን መራራ ሻዩን እስከ መጨረሻው አልተወም፤
ውሸቱ ለምዶበት ይሁን፣ እውነት ሆኖ፣ እንጃ፣
የጠየቀው የለም።

አሁን እኔ ከተማ ነኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፤
እንጆሪውም የገበያ ነው፣ በሳጥን።
አምና ሐኪሙ ቢያስፈራራኝ ስኳሩን በግማሽ ቀነስሁ፤
በአምስተኛው ሌሊት ክዳኑ እንደ ጥይት ጮኸ።
ኮርኒሱ ላይ ያ ቀይ ነጥብ ዛሬም አለ፤ አላስቀባሁትም።

ዘንድሮ ሚዛኑን የያዘው ልጄ ካዬታን ነው።
“ይበቃል፣ እማዬ! ይሄ እኮ ስኳር ብቻ ሆነ!”
“ጨምር” እለዋለሁ።
ቀስቱ እየተንቀጠቀጠ ወደ እኩል ይሄዳል።
“አሁንስ?”
“ገና ነው። የሉድቪክ ድርሻ አልገባም።”